የግላዲያተሮቹ ሐኪም

የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን አዘጋጆች ከየሙያችን አንድ ስመ ጥር ሰው መርጠን ሕይወቱን ባጭሩ እንድንጽፍ ጠይቀውናል። እኔ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ስለሆንኩ ብዙዎቻችሁ በቅርብ ዘመን የኖረ አንድ የጉልበት ቀዶ ሐኪም እንደምመርጥ ሳትገምቱ አትቀሩም። የመረጥኩት ግን ከሞተ 1,800 ዓመት የሆነውን፣ የማንንም ሰው ጉልበት ከፍቶ ጅማት ተክቶ የማያውቀውን ጋሌንን ነው።

ጋሌንን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን በስህተቱ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ በአናቶሚ ትምህርት መግቢያ ስሙ ተነሣ፣ የተሳሳታቸው ነገሮች ተዘረዘሩ፣ ትንሽ ሳቅን፣ ከዚያ ወደ ብብት ነርቮች ገባን። ፈተና ላይም አልመጣ። እኔ ራሴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። መልሶ ያስታወሰኝ አንድ ታካሚዬ ነው፤ የሱን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሌን በ129 ዓ.ም. በጴርጋሞን ተወለደ። የዮሐንስ ራእይን ያነበበ ሰው ጴርጋሞንን ያውቃታል፤ መልእክት ከተጻፈላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ እዚያ ነበር። ዛሬ ቱርክ ውስጥ በርጋማ ትባላለች። በዚያን ጊዜ በሮም መንግሥት ሥር የምትተዳደር የግሪኮች ከተማ ነበረች፤ የፈውስ አምላክ የሚሉት የአስክሌፒዮስ ትልቅ መቅደስም ነበረባት። ሕመምተኛው ከሩቅ አገር ይመጣል፣ መቅደሱ ውስጥ ያድራል፣ በሕልሙ መድኃኒቱ ይነገረዋል። ጠበል ቦታ ሰንብቶ ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አባቱ ኒኮን አርክቴክት ነበር፤ ሀብታም፣ የተማረ፣ ሂሳብና ጂኦሜትሪ የሚወድ፣ ረጋ ያለ ሰው። እናቱ በተቃራኒው ግልፍተኛ ስለነበረች አገልጋዮቿን እስከ መንከስ ትደርስ እንደነበር ልጇ ራሱ ጽፏል። ጋሌን የአባቱን ሥነ ሥርዓት ለመውሰድ፣ ከእናቱ ጠባይ ለመሸሽ እንደወሰነ ይናገራል። የጻፈውን ላነበበ ሰው ግን ሁለቱንም እንደወረሰ ግልጽ ነው፤ ማስረጃ ሲያቀርብ አባቱን ነው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሲጣላ እናቱን።

አባትየው ልጁ ፈላስፋ እንዲሆን ነበር ያሰበው። ጋሌን 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን አስክሌፒዮስ በሕልሙ ታየውና ልጁን ሕክምና እንዲያስተምር አዘዘው ይባላል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አባቱ ሞተ። በቂ ውርስ የተረፈለት ወጣት ዕድሜውን በደስታ ሊፈጀው ይችል ነበር፤ ጋሌን ግን መምህር ፍለጋ ወጣ። ያገራችን የቆሎ ተማሪ ከደብር ደብር እንደሚዞረው እሱም መጀመሪያ ወደ ሰምርኔስ፣ ቀጥሎ ወደ ቆሮንቶስ፣ በመጨረሻ ወደ እስክንድርያ ሄደ።

እስክንድርያ የተመረጠችበት ምክንያት ነበራት። ከጋሌን 400 ዓመት በፊት ሄሮፊለስና ኤራሲስትራተስ የሰው አስከሬን ከፍተው ያጠኑባት ከተማ ናት። ጋሌን ሲደርስ ያ ልማድ ከቀረ ቆይቷል፤ ቢሆንም የሰው አጥንት በዓይን እያዩ የሚማሩባት ቦታ እሷ ነበረች። በኋላ ላይ ለተማሪዎቹ ሲጽፍ፣ ቢቻላቸው ለዚህ ብቻ ብለው እንኳ እስክንድርያ እንዲሄዱ መክሯል። ለማይችሉት ደግሞ ያገኙትን አጋጣሚ እንዳያልፉ ነግሯቸዋል፤ እሱ ራሱ ወንዝ ሞልቶ ከመቃብር ያወጣውን አስከሬን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መንገድ ዳር ተገድሎ የቀረ የወንበዴ አጽም ቆሞ አጥንቷል። እኛ አንድ አስከሬን ለስንት ተማሪ እንደተካፈልን የምታስታውሱ፣ ያንን ያህል መራቡ ይገባችኋል።

በ157 ዓ.ም. የ28 ዓመት ሐኪም ሆኖ ወደ ጴርጋሞን ተመለሰ። የከተማዋ ሊቀ ካህን የግላዲያተሮች ሐኪም አድርጎ ሾመው። ግላዲያተር ማለት በሕዝብ ፊት በሰይፍ የሚዋጋ፣ ብዙውን ጊዜ ባሪያ ወይም እስረኛ የሆነ፣ ለባለቤቱ ግን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ተፋላሚ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ጥሩ ካልሆነ ኪሳራው ወዲያው ይታወቃል። ጋሌን ሹመቱን ያገኘበትን መንገድ ሲተርክ፣ የአንድ እንስሳ ሆድ ከፍቶ አንጀቱን አወጣና በቦታው የነበሩትን ሌሎች ሐኪሞች እንዲመልሱት ጋበዛቸው፤ አንዳቸውም አልደፈሩም፣ እሱ መለሰው ይለናል። ዛሬ እንዲህ ያለ የሥራ ቃለ መጠይቅ ቢኖር ስንቶቻችን እንደምንቀጠር አላውቅም።

አራት ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ቆየ፤ በፊት ከነበሩት ሐኪሞች ይልቅ በእሱ እጅ የሞቱት ጥቂቶች እንደነበሩም ይኮራል። እኔን የሚያስገርመኝ ከቁጥሩ ይልቅ ዘዴው ነው። ብዙ ቁስል ጭንና ጉልበት አካባቢ ይመጣል። የጭን ጡንቻ በአግድሙ ሲቆረጥ የላይኛው ጫፍ ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ጉልበት ይሸሻል። ቆዳውን ብቻ ሰፍቶ መሸኘት ቀላል ነው፤ ቁስሉ ይድናል፣ ሰውየው ግን እግሩን እንደ ልብ አይዘረጋም። ጋሌን ጥልቁን ጡንቻ ፈልጎ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ሰፋ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከቆዳው በታች ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ ነው የጋሌን ነገር ከጉልበት ጅማት ጋር የሚገናኘው። በሱ ዘመን የግሪክ ቃል ነርቭንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጅማት በአንድ ስም ይጠራ ነበር። ሁለቱም ነጭ ገመድ ናቸዋ! ጋሌን ሦስት ነገሮችን ለየ። ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር የሚወጣ፣ ስሜትና እንቅስቃሴ የሚያደርስ ነርቭ አለ። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዝ ቴንደን አለ። አጥንትን ከአጥንት የሚያስር፣ ራሱ የማይኮማተር ሊጋመንትም አለ። ጉልበት ውስጥ እንደ መስቀል የሚተላለፉት ሁለቱ ሊጋመንቶች ክሩሺየት የተባሉትም ከሱ ጀምሮ ነው ይባላል፤ ሥራቸው መገጣጠሚያውን ማጽናትና ያለ ልክ እንዳይንሸራተት መያዝ መሆኑንም ተረድቶ ነበር። ከጉልበት ጀርባ ጠልቃ የተደበቀችውን ፖፕሊቲየስ የምንላትን ትንሽ ጡንቻም መምህራኖቼ ሳያዩ ያለፏት ናት ብሎ፣ ማግኘቱን በኩራት ጽፏል።

አሁን ወደ ታካሚዬ ልምጣ። የ23 ዓመት ልጅ ነበር፣ በሰፈሩ ቡድን ኳስ የሚጫወት። ዘሎ ሲወርድ ጉልበቱ ዞረ፣ ቀጭ ሲል ሰማ፣ አበጠ። ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሸ፣ እብጠቱ ጠፋ፣ ሜዳ ሲገባ ግን ጉልበቱ እየከዳው ይወድቃል። ምርመራው የፊተኛው ክሩሺየት ሊጋመንት፣ እኛ ኤሲኤል የምንለው፣ መበጠሱን አሳየ። ይህ ጅማት የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበቱ እንዳይጠማዘዝ የሚይዝ፣ ርዝመቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ገመድ ነው። ሲበጠስ በራሱ ተመልሶ አይገጥምም፤ ለዚህ ነው በሌላ ጅማት የምንተካው። ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ከጭን ጀርባ ወርደው ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል የሚጣበቁትን የግራሲሊስና የሴሚቴንዲኖሰስ ቴንደኖች መውሰድ ነው።

ያኔ በአንድ ሆስፒታል ጀማሪ ቀዶ ሐኪም ነበርኩ። የፈቃድ ወረቀቱን ያስፈረምኩት እኔ ነኝ፤ በጥድፊያ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሌሎች አምስት ታካሚዎች ቆመው። ከጭኑ ጅማት ወስደን የተበጠሰውን ጅማት እንደምንተካ ነገርኩት። ፈረመ። ቴንደኖቹንም ከአለቃዬ ጋር ቆሜ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ቆዳውን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጌ ቀደድኩት። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነበር፤ ጉልበቱ ጸና።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እናቱን ይዞ መጣ። ከጉልበቱ ሎሚ በታች አንስቶ እስከ ቅልጥሙ ውጭ በኩል መዳፍ የሚያክል ቦታ ደንዝዟል። ሁዳዴ ነበር፤ ሲሰግድ ጉልበቱ መሬት መንካቱን አያውቅም፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ መርፌ ይወጋዋል። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ያልሆነ ጅማት ነው ወይ የወሰዳችሁት የሚል። አክስቱ በስትሮክ ተመታ እጇ ሲደነዝዝ ቤተሰቡ ጅማቷ ነው ብሎ ነበርና፣ በሱ ቤት ጅማት ማለት የሚሰማው ነገር ነው። እኔ ደግሞ ጅማት ወሰድኩ ብዬዋለሁ።

ብዙ ሰው ላይ የሚያጋጥም፣ የሚጠፋ ነገር ነው ብዬ ሸኘኋቸው። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ጎደሎ ነበር። ሳፊነስ የሚባለው ነርቭ በጭኑ ውስጥ በኩል ከግራሲሊስ ጋር ተጠግቶ ይወርዳል፤ ከሱ የሚወጣ አንድ ቅርንጫፍ ከሎሚው በታች ከውስጥ ወደ ውጭ አቋርጦ ያልፋል። እኔ ቆዳውን ቀጥ አድርጌ ስቀድ የዚያን ቅርንጫፍ መንገድ ነው ያቋረጥኩት። ወደ ጎን ያዘነበለ ቁራጭ ነርቩን የመንካት ዕድሉ ያነሰ ነው። ይህን አናቶሚ ተፈትኜበት አልፌያለሁ፤ ስቀድ ግን አላሰብኩትም።

ያን ምሽት የድሮ የአናቶሚ መጽሐፌን ፈልጌ አወጣሁ። ስለ ነርቩ ሳነብ ስለ ነርቭና ጅማት መለያየት ታሪክ ገባሁና ጋሌን ጋ ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። የሱ ሕይወት ውስጥ የኔን ስህተት የሚመስሉ ሁለት ታሪኮች አሉ።

አንደኛው የአንድ ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ያበጠውን እጢ ሊያወጣ የገባ ቀዶ ሐኪም በስለት እንዳይቆርጥ ፈርቶ በጥፍሩ እየቦጨቀ አወጣው። እጢው ወጣ፣ የልጁም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ጋሌን ምክንያቱን ያውቃል፤ ወደ ማንቁርት ተመልሶ የሚወጣውን ነርቭ ያገኘው እሱ ራሱ ነውና። ሌላ ሐኪም በተመሳሳይ ሕክምና የአንዱን ወገን ነርቭ ሲጎዳ ድምፁ በግማሽ መቅረቱንም ይጨምራል። ሐኪሞቹ ጨካኞች አልነበሩም፤ አንደኛው እንዲያውም ጠንቃቃ ነኝ ብሎ ነው ስለቱን ያስቀመጠው። ምን በየት እንደሚያልፍ የማያውቅ ሰው ጥንቃቄ ግን ብዙ አያድንም።

ሁለተኛው የጳውሳንያስ ነው። ከሶርያ የመጣ የንግግር መምህር ሲሆን፣ ሁለቱ ትናንሽ ጣቶቹና የመካከለኛው ጣት ግማሽ ደንዝዘውበት ነበር። ሐኪሞቹ ጣቶቹን በመድኃኒት እያሹ ከረሙ። ጋሌን ሲመጣ ጣቱን ትቶ ስለ ሰውየው ያለፉ ወራት መጠየቅ ጀመረ። ከሠረገላ ወድቆ ከአንገቱ ሥር ድንጋይ መትቶት እንደነበር ሰማ። ነርቩ ከየት እንደሚነሣ ያውቅ ስለነበር መድኃኒቱን ከአንገቱ ሥር አደረገለት፤ ዳነም። የደነዘዘ ቆዳ ሲታይ ነርቩን ተከትሎ ወደ ምንጩ መሄድ እዚያ ታሪክ ውስጥ አለ። ልጁ መዳፍ የሚያክለውን ቦታ በጣቱ ሲያሳየኝ፣ እኔም መንገዱን ተከትዬ ብሄድ ኖሮ የራሴ ቁራጭ ጠባሳ ጋ እደርስ ነበር።

ጋሌን ሮም የገባው በ162 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ በሐኪም የተሞላች ነበረች፤ ስም ለማውጣት በአደባባይ መከራከር፣ መርታት ያስፈልጋል። በዚህ ደግሞ የሚደርስበት አልነበረም። በሹማምንትና በፈላስፎች ፊት የሚጮህ አሳማ አምጥቶ የማንቁርቱን ነርቮች በክር ሲያስር አሳማው ዝም ይላል፤ ክሩን ሲፈታው እንደገና ይጮኻል። ድምፅ የሚመራው ከልብ ነው የሚሉት ፈላስፎች በዚያ አፋቸውን ያዙ። ትዕይንቱ ለዛሬ ጆሮ ይሰቀጥጣል። መኩራራቱም እንዲሁ፤ በጽሑፎቹ ውስጥ ሌሎች ሐኪሞች ዘወትር ይሳሳታሉ፣ እሱ ዘወትር ይረታል። ይህን ያህል የጻፈ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕክምናው መካከል እኔ ይህን ሰው ጎዳሁት የሚለውን አልፎ አልፎም ቢሆን አብዝቶ ቢጽፍልን ምንኛ በጠቀመን!

በዚሁ ዘመን ነው ለእኔ ሙያ ትልቁን ሥራውን፣ አስከሬን እንዴት እየተከፈተ እንደሚጠና የሚያስተምረውን ባለ 15 ክፍል መጽሐፉን የጀመረው። አጀማመሩን ተመልከቱልኝ። ከአጥንት እንዲነሡ ካስጠነቀቀ በኋላ ልብ ወይም አንጎል ጋ አይሮጥም። አንደኛው ክፍል የእጅ ጡንቻ፣ ሁለተኛው የእግር ጡንቻ፣ ሦስተኛው የእጅና የእግር ነርቭና የደም ሥር ነው። ሐኪሞች ለክርክር የሚመቸውን የውስጥ ብልት እያጠኑ፣ በየቀኑ የሚቆርጡትን እጅና እግር አያውቁም የሚል ቁጭት ነበረው። ነርቭና የደም ሥር ያለበትን የማያውቅ ቀዶ ሐኪም ሊፈውስ የመጣውን ሰው አካለ ጎዶሎ እንደሚያደርግ ያስጠነቅቃል። ዛሬ ሰርጂካል አናቶሚ የምንለው ትምህርት መንፈሱ ይኸው ነው።

በጉልበት ሥራ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከአጥንት ክፍል ውጭ ላላችሁት ጥቂት ልበል። ከመገጣጠሚያው በስተጀርባ፣ ከሽፋኑ ወዲያ፣ ፖፕሊቲያል የሚባለው ትልቁ የእግር ደም ቧንቧ ያልፋል። በተለይ የኋለኛውን ክሩሺየት ስንተካ በቅልጥም አጥንት ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የምንሰደው መሰርሰሪያ በጥቂቱ ካለፈ የሚያገኘው እሱን ነው። በውጭ በኩል የፔሮኒያል ነርቭ የፊቡላን አንገት ከቆዳው ሥር ዞሮ ያልፋል፤ እሱ ከተጎዳ ሰውየው እግሩን ከመሬት ማንሣት ያቅተዋል። ቴንደኑን ስናወጣ ደግሞ ከሴሚቴንዲኖሰስ ወደ ባት ጡንቻ የሚሄዱ ማሰሪያዎች አሉ፤ እነሱን ሳይፈቱ መግፈፊያውን የገፋ ሰው አጭር ጅማት ይዞ ይቀራል። የጭን አጥንቱ ላይ ቀዳዳ ስናበጅም ጀማሪውን የሚያታልል ሸንተረር አለ፤ የአጥንቱ ጀርባ መጨረሻ ይመስላል፣ አይደለም። እንግሊዝኛው እንዲያውም በሬዚደንት ስም ነው የሚጠራው። እዚያ ላይ የቆመ ሐኪም አዲሱን ጅማት ወደ ፊት አስጠግቶ ይተክለዋል፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይወጠራል፣ ውሎ አድሮ ይላላል ወይም ይበጠሳል። እነዚህን ሁሉ ካሜራው ብቻ አያሳይም። የሚያየው ሰው የሚፈልገውን ማወቅ አለበት።

ወደ ጋሌን እንመለስ። በ166 ዓ.ም. ከሮም ወጥቶ አገሩ ገባ። እሱ የተቀናቃኞቹን ተንኮል ምክንያት ያደርጋል፤ በዚያው ሰሞን ግን ከባድ ወረርሽኝ ወደ ከተማዋ እየመጣ ስለነበር ሸሽቶ ነው የሚሉትም አሉ። ኮቪድ ጊዜ የሠራን ሁላችን ይህን ስናነብ ለመፍረድ ቀስ እንላለን። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ ማርቆስ አውሬልዮስ ጦሩ ወደ ሰፈረበት ወደ አኲሌያ ጠራው። ከዚያም ወደ ሰሜን ጦርነት አብሮ እንዲዘምት ሲፈለግ፣ አስክሌፒዮስ አልፈቀደልኝም ብሎ በዘዴ ቀረና ሮም ሆኖ የአልጋ ወራሹን የኮሞዶስን ጤና ጠበቀ። እነዚያን የጸጥታ ዓመታት በመጻፍ አሳለፋቸው።

በ192 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ትልቅ እሳት ተነሣ። ጋሌን መጽሐፎቹን፣ ብርቅ መድኃኒቶቹንና ራሱ ያሠራቸውን መሣሪያዎች ያስቀመጠበት መጋዘን ተቃጠለ። ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ሥራዎች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ያኔ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ ሐዘን አለመሸነፍ የጻፈው ደብዳቤ ለዘመናት ጠፍቶ ነበር፤ በ2005 ግሪክ ውስጥ ተሰሎንቄ ባለ ገዳም ተገኘ። የጠፋበትን አንድ በአንድ ይዘረዝርና፣ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና መጻፍ መጀመሩን ይነግረናል። የአናቶሚው መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍሎች ከተቃጠሉት ውስጥ ነበሩ፤ ደግሞ ጻፋቸው። የግሪክኛው የኋለኛ ክፍል በኋላ ሲጠፋ ደግሞ ያተረፈልን የዐረብኛው ትርጉም ነው፤ በ9ኛው መቶ ዘመን የባግዳዱ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅና ባልደረቦቹ የጋሌንን ሥራዎች በብዛት ተርጉመዋልና። የሞተው ወደ 216 ዓ.ም. ገደማ ሳይሆን አይቀርም፤ 87 ዓመት እንደኖረ የዐረብ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

ስህተቱን ደግሞ አልሸፍንለትም። የሰው አስከሬን መክፈት በማይፈቀድበት ዘመን ዝንጀሮ፣ አሳማና በሬ ከፍቶ ያየውን ለሰው ሰጠ። የበሬ አንጎል ሥር ያለውን የደም ሥር መረብ የሰውም ነው አለ፤ የልብ ክፍሎችን በሚለየው ግድግዳ ላይ የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ አለ። እስከ 1543 ድረስ፣ አንድሪያስ ቬሳሊየስ መጽሐፉን እስኪያወጣ፣ ከ1,300 ዓመት በላይ ይህ ሲነበብ ኖረ። የሚገርመው ቬሳሊየስ ሲያርመው የቀድሞ መምህሩ ሲልቪየስ ጋሌን አልተሳሳተም፣ ከሱ ዘመን ወዲህ የሰው አካል ነው የተለወጠው ብሎ መከራከሩ ነው!

ስስቅ ቆይቼ አሰብኩት። ጋሌን ተማሪዎቹን በገዛ ዓይናችሁ እዩ፣ ደጋግማችሁ ክፈቱ ሲል ኖሯል። ተከታዮቹ ምክሩን ትተው መጽሐፉን ያዙ። ቬሳሊየስ ነው ጋሌንን የታዘዘው፤ ቢላዋውን ራሱ ያዘና አየ። እኔስ? እኔ አናቶሚን አንዴ ተፈትኜ ያለፍኩት ትምህርት አድርጌ የልጁን ጉልበት የከፈትኩት እንደ ሲልቪየስ ነበር።

ከጋሌን ወዲህ ጉልበቱ ራሱ ብዙ ጠብቋል። በ1895 እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ ማዮ ሮብሰን የአንድ ማዕድን ቆፋሪን የተበጠሱ ክሩሺየቶች ሰፋ። በ1917 የብሪስቶሉ ሄይ ግሮቭስ ከጭኑ ሽፋን በወሰደው ክር ኤሲኤልን ተካ። ዛሬ በካሜራ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች እንሠራለን። የነርቩ መንገድ ግን ያው ነው፤ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል እንጂ።

ልጁ ከአንድ ዓመት በኋላ ለክትትል መጣ። የደነዘዘው ቦታ ጠቦ ሳንቲም ያክላል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ያን ቀን በሩን ዘግቼ፣ ወንበር ስቤ፣ ነርቭ ሌላ ጅማት ሌላ መሆኑን በወረቀት ስዬ አሳየሁት፤ የቀደድኩት እኔ እንደነበርኩና ቀድሜ ሳልነግረው እንደቀረሁም ነገርኩት። ቢነገረው ኖሮም ቀዶውን አልተውም ነበር አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ሲያስጨንቀው የኖረው ያልሆነ ነገር ተወስዶብኛል የሚለው ሐሳብ እንደነበር ሲነግረኝ አፈርኩ።

አሁን ታካሚ ሳስፈርም ጅማት የምትለዋን ቃል ብቻዋን አልጠቀምባትም። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው፣ ስሜት የሚያደርሰው እያልኩ ሦስቱን እለያለሁ፤ ሊደነዝዝ የሚችለውን ቦታም በእስኪብርቶ ቆዳው ላይ እከብበታለሁ። ስቀድም አዘንብዬ እቀዳለሁ። ሬዚደንቶቼ በቀዶው ዋዜማ ማታ የዚያን ጉልበት አናቶሚ እንዲነግሩኝ ስለምጠይቅ ያጉረመርማሉ፤ እናንተም እኮ እንዲሁ ታጉረመርሙ ነበር።

ዘንድሮ ስንገናኝ የግቢውን ጉብኝት የምታዘጋጁ ጓደኞቼን አንድ ነገር ልለምን። ከካፌው በፊት የአናቶሚ ክፍሉን አስከፍቱልን። ያ ሽታ አሁንም ዓይን ያቃጥል እንደሆን አላውቅም። እኔ ግን ገብቼ አንድ ጉልበት እንደገና ማየት እፈልጋለሁ።